ሽማግሌ ለሒሳብ መምህሩ

አብዱልገኒን ጉርድ ሾላ የማያውቀው የለም። ፍራሽና ብርድ ልብስ ይሸጣል፤ ሱቁ ሆኖ ሲናገር ባቡር ጣቢያው ድረስ ይሰማል። እኔ ጎረቤቱ ወልደጻድቅ፣ ከሱ ጋር እየተጨቃጨቅኩ አረጀሁ። ደግ ሰው ነው። ችግሩ፣ ነገር ሁሉ በሽማግሌ ያልቃል ብሎ ያምናል። ቧንቧ ሠሪ ቢያኮርፈው እንኳ ሽማግሌ ይልካል!

ሰሞኑን ፊቱ ጠቁሮ መጣ። ከዘር ማንዘሩ ዩኒቨርሲቲ የረገጠች የመጀመሪያዋ ሰው ልጁ ሸይማ ናት። እሷ ደግሞ ሒሳብ ወድቃ፣ ትምህርቱን ትቼ ሱቅ እገባለሁ ብላለች። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ እንደሷ ያሉትን ተማሪዎች የምትረዳ ደብሪቱ የምትባል ሴት ደውላ፣ ከመምህሯ ጋር ብትነጋገር ይሻላል አለችው።

«ተጣልተዋል ማለት ነው» አለኝ። «ባይጣሉ ምን ያነጋግራቸዋል? ለነገ ተዘጋጅ።»

«አንተ ሰውዬ፣ የሒሳብ መምህር እኮ ነው!»

«የሒሳብ መምህር አይታረቅም ያለው ማነው?»

በነጋታው እኔ ከረባት አሰርኩ፤ ጫማ ሻጩ ሀይደር አዲስ ኮፍያውን አደረገ። አብዱልገኒ ባለጉዳይ ስለሆነ በወጉ መሠረት ከመምህሩ ቢሮ በር ውጭ ቀረ። መምህር ቃልአብ ጢሙ ገና ያልጠና ልጅ ነው። ሸይማና ደብሪቱ ቀድመውን ገብተዋል።

«ተቀመጡ» አለን።

«ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» አልኩ ድምፄን አወፍሬ። እኛ ቆመን እሱ መቀመጥ አፈረ። ያቺ ጠባብ ቢሮ ውስጥ ታክሲ እንደሚጠብቅ ሰው ተገትረን ቀረን።

ሀይደር ጀመረ፤ «ልጅ ናት፣ አጥፍታ ይሆናል። ስለ አላህ ብለው ይቅር ይበሏት።»

«ኧረ ምንም አላጠፋችም!» መምህሩን ላብ አጠመቀው። «ማክሰኞ ማክሰኞ ያልገባው ተማሪ እንዲጠይቀኝ ቢሮዬን ከፍቼ እቀመጣለሁ። አንድ ቀን መጥታ አታውቅም።»

«ምን ሆነሽ ነው የማትመጪው?» ብዬ ተቆጣኋት።

ሸይማ አቀረቀረች። «ትልቅ ሰው ተናግሮ ሲጨርስ አልገባኝም ማለት እኛ ቤት ነውር ነው፣ ጋሼ። ሌሎቹ ዘው ብለው ይገባሉ። ወላጆቻቸው የተማሩ ናቸው፣ ያውቁበታል። የኔ ቦታ እዚህ አይደለም።» እንባዋ መጣ። አንጀቴን በላችው።

«ይሄ ስንፍና አይደለም» አለች ደብሪቱ። «መጠየቅ እንደሚቻል የነገራት ሰው የለም።»

በሩ ተበረገደ። አብዱልገኒ ለካ ጆሮውን ለጥፎ ኖሯል!

«ባለጉዳይ አይገባም!» አልኩት። ማን ሰምቶኝ።

«ነውር ነው ያልኩሽ እኔ ነኝ» አላት። ያ ባቡር ጣቢያ የሚደርሰው ድምፁ የት እንደገባ እንጃ። «ሰው እንዳይንቀኝ ስፈራ፣ ሳልጠይቅ ኖርኩ። አንቺ ግን ጠይቂ፣ ልጄ። በኔ ሞት፣ ጠይቂ።»

ሸይማ ቦርሳዋን ስታነሳ፣ በቃ ልትወጣ ነው ብዬ ልቤ ተሰቀለ። ከፈተችውና የፈተና ወረቀቷን አወጣች። አንዱን መስመር ለመምህሩ አሳየችው።

«መምህር... ይሄ ከየት መጣ?»

ቃልአብ ፊቱ በራ። እስክሪብቶ አንስቶ ያስረዳት ጀመር። እኔ የገባኝ ነገር የለም፤ ሀይደር ግን ምርቃት መስሎት አሜን ይላል። ሸይማ እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ እንደገና ጠየቀች። ደግማ ጠየቀች። አሁንም አልገባኝም አለችው፣ ደፍራ።

አብዱልገኒ ጎሸም አደረገኝ።

«በሉ ተቀመጡ» አለን።

ተቀመጥን።