ገልብጬ የጠረዝኩት

ሰበታ፣ ከዋናው አስፋልት ትንሽ ገባ ብሎ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ነበረኝ። አንድ ማሽን፣ አንድ የስፓይራል መጠረዣ፣ ደጅ ላይ ደግሞ ለፀሐይ የወጠርኳት ሰማያዊ ሸራ። ጠረዛ ላይ የሚስተካከለኝ አልነበረም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ጥፋቴ ከዚያው ስለሚጀምር ነው።

መጠቅለያ ወረቀት በኪሎ የሚሸጥ ደንበኛዬ አንድ ቀን ከክምሩ መሀል ያገኘውን ወደ እንግሊዝኛ የተተረጎመ የጃፓን የሥዕል ታሪክ፣ ማንጋ የሚሉትን፣ ሰጠኝ። ሽፋን የለው፣ ገጽ ቁጥር የለው፣ ሊበታተን ምንም አልቀረውም። ወንድሜ ያኔ ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶበት ቤት ተቀምጧል። የአዲስ አበባን ማስተር ፕላን በመቃወም ተማሪው አደባባይ ወጥቶ፣ መንገዱ በጎማ ጭስ ታፍኖ የሰነበተበት ጊዜ ነው። ሥራ ከፈታ ይወጣል፣ ከወጣ አይመለስም ብዬ እፈራ ስለነበር፣ መጽሐፉን ገጽ በገጽ ኮፒ አድርጌ ጠረዝኩለት። በግራ በኩል ነው የጠረዝኩት። መጽሐፍ ሌላ በየት በኩል ይጠረዛል?

ወንድሜ እንግሊዝኛውን እያነበበ ይተረጉምልኝ ጀመር። "ሰዎቹ ግን ጤነኞች ናቸው?" ይላል፤ "መጀመሪያ ይመልሳሉ፣ ከዚያ ይጠይቃሉ።" ታሪኩ የጠፋ ተራራ ስለሚፈልጉ መንገደኞች ነው። በታሪኩ ውስጥ አንድ ጥርሱ የወለቀ ድልድይ ጠባቂ አለ። ዋናው ክፉ ሰው እንኳ አይደለም፣ ተራ ተንኮለኛ ነው። መጀመሪያ ላይ ከመንገደኞቹ ጋር እሳት ዳር ተቀምጦ ከአንድ ድስት ይበላል። ኋላ ውሾቹን ይለቅባቸዋል። መጨረሻ ገጽ ላይ ድልድዩ ላይ ቆሞ፣ መንገድ ዘግቶ ይስቃል።

"ኧረ ይሄስ የኛው ሰውዬ ነው!" አልኩ።

የኛው ሰውዬ የሰፈሩ ደንብ አስከባሪ ነው። አባታችን የሞተ ጊዜ ድንኳን የተከለልን፣ ሦስት ቀን ከኛ ጋር መሬት ላይ የተኛ፣ ከእናቴ እጅ የጎረሰ ሰው። "ጋሼ" ነበር የምንለው። ከዚያ ዩኒፎርም ለበሰና አንድ ረፋድ ላይ መጥቶ ሸራዬን ቀዶ ወሰደ። ዓይኑን በጨው አጥቦ! "ትእዛዝ ነው" አለኝ፣ አንዴ እንኳ ቀና ብሎ ሳያየኝ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታውንም መልሼለት አላውቅም። ወንድሜ "ድልድዩ" የሚል ስም አወጣለት፤ ባለፈ ቁጥር "ድልድዩ መጣ" እየተባባልን እንስቅበት ነበር።

አፈሳው ሲጀመር ሳቁ ቀረ። ቡራዩ ወጣቱ ከየቤቱ እየተለቀመ ነው ተባለ። ቀጥሎ እኛ ነን ብዬ ወንድሜን ተጂ፣ አክስታችን ዘንድ ልሰደው ቆረጥኩ። ቦርሳውን ይዞ ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል ተቀምጧል፤ እኔ የማውቀውን የሚኒባስ ሹፌር እጠብቃለሁ። ሰውዬው መጥቶ ደጄ ላይ ቆመ። ዩኒፎርሙን አልለበሰም።

"አካም ቡልቴ" አለኝ፣ እንደምን አደርሽ ማለቱ ነው። ወረቀቴን መደርደር ቀጠልኩ። ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ኦቦሌሲ ኬ ጂራ?" አለ። ወንድምሽ አለ ወይ ማለቱ ነው። ደሜ ፈላ።

"የለም። ተጂ ከሄደ ሰነበተ።"

"ተጂ ከሆነ ጥሩ፣ እዚያው ይቆይ። እዚህ ካለ ግን ከስድስት ሰዓት በፊት ይውጣ። የተጂ መንገድ አሁን ክፍት ነው። እባክሽ፣ እህቴ።"

እህቴ ማለቱ ባሰብኝ። ሸራዬን ሲቀድ እህትነቴ የት ነበር? ሰውዬው መንገድ ላይ ሊያስይዘው ነው፣ ስሙንም ሰጥቷል አልኩ በልቤ። እሱ ዘወር ሲል ጓዳ ገብቼ ቦርሳውን ከወንድሜ እጅ ነጠቅኩት። "የትም አትሄድም!" ወንድሜ ምንም አልተከራከረኝም። ሹፌሩ መጥቶ ጥሩምባውን ሲነፋ ወጥቼ መለስኩት።

ሰባት ሰዓት ላይ ወታደሮች መጡ። ወንድሜን ከዚያችው ክፍል አወጡት። ጫማውን እንኳ እንዲያደርግ አልጠበቁትም።

"ድልድዩ አስያዘው" ብዬ ለሰማኝ ሁሉ አወራሁ። በወሬዬ የሰውዬው በር በድንጋይ ተደበደበ። እውነቱን ልናገር፣ ያን ስሰማ ደስ ብሎኛል።

ወር አለፈ። ከስልጤ መጥተው ከጎኔ ጨርቅ የሚነግዱ ትልቅ ሴት አንድ ከሰዓት ሊያጽናኑኝ ገቡ። የወንድሜን መጽሐፍ ከጠረጴዛው ላይ አንስተው ገለጥ ገለጥ አደረጉ። እንግሊዝኛ አያውቁም፤ ሥዕሉን ነው የሚያዩት። ከኋላው ጀምረው፣ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ቁርአን እንደሚቀሩበት።

"ውይ ልጄ! ወላሂ ገልብጠሽ ጠርዘሽዋል" አሉ። "ይኸው፣ መጀመሪያ መንገድ ይዘጋባቸዋል፣ ከዚያ ውሻ ይለቅባቸዋል። በመጨረሻ ያበሉታል። ይሄ ሰውዬ እኮ ከክፋቱ የተመለሰ ነው።"

መጽሐፉን ከድነው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ከዚያ፣ "የኛውም ሰውዬ፣ ድልድዩ የምትይው፣ እንደዚያው ነው" አሉ። "ያን ቀን ካንቺ ደጅ ሲነሳ ወደኔ ነው የመጣው። ልጄን በዚያው ሰዓት ሱሉልታ ሰደድኩት። አንቺ ስታወሪ ዝም ያልኩሽ፣ መንገሩ ከታወቀ ያጠፉታል ብዬ ፈርቼ ነው። አልቀረለትም፤ ትናንት ከሥራ አባረውታል።"

ወይ ነዶ! ያ ሰው እንጀራውንም ነፍሱንም አስይዞ ነው ደጄ ላይ ቆሞ የለመነኝ። እኔ ደግሞ ሸራዬን አስብ ነበር። የሰውዬው በር ድረስ ሁለት ጊዜ ሄድኩ፤ ሁለቴም ሳላንኳኳ ተመለስኩ። ምን ብዬ?

ወንድሜ ከወራት በኋላ ተፈታ። ጉንጩ ጎድጉዷል፣ ድምፁ ወፍሯል። እኔ ስፓይራሉን ፈትቼ መጽሐፉን፣ ጃፓኖቹ እንደሚያነቡት፣ በቀኝ በኩል ጠርዤ ጠብቄዋለሁ። ቁጭ ብሎ እስከ እሳቱ ዳር ድረስ አነበበው።

"ለካ የሚያልቀው እዚህ ነው" አለ።

ያኔ ሁሉንም ነገርኩት፤ ሰውዬው ያለኝን፣ ቦርሳውን ለምን እንደነጠቅኩት፣ ያወራሁትን። እያለቀስኩ ነበር የምናገረው።

"ግድግዳው ቆርቆሮ አይደል?" አለኝ። "እሱ ሲለምንሽ ሰምቻለሁ። እኔም አላመንኩትም። ባምነው ኖሮ አንቺ ታስቀሪኝ ነበር?" ጫማውን አጠለቀ። "ተነሽ። ጋሼ ቤት እንሂድ።"

በሩ ላይ የድንጋዩ ስርጉዶች አሁንም አሉ። ወንድሜ አንኳኳ። ሰውዬው ከፈተና ወንድሜን ከእግር እስከ ራሱ አየው።

"ጂርታ?" አለው። አለህ?

"ጂራ፣ ጋሼ" አለ ወንድሜ። "አለሁ።"

ተቃቅፈው ቆዩ። ከዚያ ሰውዬው በወንድሜ ትከሻ ላይ አሻግሮ፣ "አንቺስ? ግቢ እንጂ፣ እህቴ" አለኝ። አሁን በተራዬ ቀና ብዬ ማየት ያቃተኝ እኔ ነበርኩ።