የአማካሪዋ ፈቃድ

በክሬዲት ካርድ ዕዳ የተዘፈቅኩ ጊዜ፣ ኬንቲሽ ታውን ሰፈር ያለ ነፃ የዕዳ ምክር ቢሮ ሄድኩ። ነፃ የሚባል ነገር አይዋጥልኝም። ገና ሳልቀመጥ አማካሪዋን "ፈቃድሽን አሳዪኝ" አልኳት። ሳትቆጣ ከመሳቢያዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችልኝ። ቁጥሩን ስልኬ ላይ ሁለት ጊዜ ቼክ አደረግኩት።

ከዚያ የወር ወጪዬን ማንበብ ጀመረች።

"ይሄ መቶ ፓውንድ ምንድን ነው?"

"ዕቁብ ነው። ሃያ ሰዎች በየወሩ እናዋጣለን፤ ዕጣ የወጣለት ጠቅልሎ ይወስዳል።"

"ማን ነው የሚሰበስበው?"

"አንዲት ሴትዮ ናቸው።"

"ደረሰኝ ይሰጣሉ?"

"እሳቸውን ደረሰኝ መጠየቅማ ነውር ነው!"

"የት ነው የሚኖሩት?"

"ኤድመንተን" አልኩ፤ ትንሽ አሰብኩና "መሰለኝ።"

አማካሪዋ ፈቃዷን ከፊቴ አንስታ ወደ መሳቢያዋ መለሰችው።