ሽማግሌ ይዛ የፈላችው ሚኒቫኔ

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት ሊትልተን ውስጥ አንድ የሰው በር ላይ ኮት ለብሼ ቆሜያለሁ... በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሽማግሌ ሆኜ ነው። ዕድሜዬ ሠላሳ ስድስት ነው።

ጓደኛዬ ዳዊት ሜሮን የምትባል ነርስ ሊያገባ ነው። እሷ እሺ ካለች ቆይታለች፤ የቀሩት አባቷ ናቸው። እኔ መጀመሪያ የተጠራሁት ለሹፌርነት ነበር። ጠዋት አንደኛው ሽማግሌ ድንገት የሥራ ሺፍት ግቡ ተባሉና እኔ ተተካሁ። ደግነቱ ዋናው ተናጋሪ ጋሽ ወንድሙ ነበሩ። እኛ በምንኖርበት ኦሮራ ውስጥ እሳቸው ያላስታረቁት ባልና ሚስት ካለ ገና ያልተጣላ ነው።

ዳዊት ሲሸኘን ፊቱ አመድ መስሏል። የሜሮን አባት ጋሽ ታምራት የትልቋን ልጃቸውን ሽማግሌዎች ዓመት ሙሉ አመላልሰዋል ይባላል። «የዛሬ ሁለት ሳምንት» ይላሉ... ከዚያ ሌላ ሁለት ሳምንት። ዳዊት ደግሞ ሻይ እስኪቀዘቅዝ እንኳ መጠበቅ የማይችል ሰው ነው።

መኪናዬ ሃያ አምስት ዓመት የሞላት ሚኒቫን ናት። ብዙ ሰው ይሰድባታል። እኔ ግን እወዳታለሁ፣ ስሟን በክፉ አታንሱብኝ። ሊትልተን ልንደርስ ስንል ጋሽ ወንድሙ «ምንድን ነው የሚጨሰው?» አሉኝ። «የሆነ ሰው ሥጋ እየጠበሰ ነው» አልኳቸው።

ገባን። ጋሽ ወንድሙ በወጉ፣ አንቀመጥም ብለው ቆመው ተናገሩ። ጋሽ ታምራትም በወጉ ጉሮሯቸውን ጠርገው «እስቲ ከቤተሰብ ጋር እንምከርበት። የዛሬ ሁለት ሳምንት ተመለሱ» አሉ። ምግብ አልቀረበም። መልስ ያላገኘ ሽማግሌ አይበላማ! ከኩሽና የሚመጣው የወጥ ሽታ ግን ሆዴን ሲያስጮኸው ነበር።

በክብር ተሰናብተን ወጣን። ቁልፉን ጠመዘዝኩ... መኪናዬ አንዴ በረጅሙ ተንፍሳ በጭስ ተሸፈነች። ከሥሯ አረንጓዴ ውሃ በጋሽ ታምራት ድራይቭዌይ ላይ ይወርዳል።

ተመልሼ ደወሉን ተጫንኩ።

«ሁለት ሳምንት ነበር እኮ ያልኳችሁ» አሉ ጋሽ ታምራት።

«አይ... መኪናዋ ናት።»

«እንግዲያው ግቡና ጠብቁ።»

ጋሽ ወንድሙ ንቅንቅ አላሉም። «መልስ ያልተሰጠው ሽማግሌ ተመልሶ አይገባም!»

ነፋሱ ጋቢያቸውን ያርገበግበዋል። ጋሽ ታምራት ተጨነቁ። ሽማግሌን በር ላይ በብርድ ማስቆም ነውር ነው፤ አስገብቶ ማብላት ደግሞ ልጄን ሰጠሁ ማለት ነው። አንድ መላ ብቻ ቀራቸው... መኪናዋን ሠርተው እኛን መሸኘት።

እጅጌያቸውን ሰብስበው ኮፈኑን ከፈቱ። ለካ በወጣትነታቸው ናዝሬት ጋራዥ ሠርተዋል! ውሃ የሚያመላልሰው ጎማ ተቀዶ አገኙት። «ከሞተሩ ጀርባ ነው የቀበሩት» አሉ። «ይሄን የሠራው ሰው እጅ የለውም እንዴ?»

አዲስ ጎማ እንድገዛ የራሳቸውን መኪና ቁልፍ ሰጡኝ። ልጃቸውን አልሰጡንም፣ መኪናቸውን ግን ሰጡን።

ገዝቼ ስመለስ ሞተሩ በርዶ፣ አሮጌው ጎማ ተቆርጦ ወጥቶ ጠበቀኝ። ችግሩ አዲሱን ማሰር ነው። የብረት ማሰሪያው ያለበት ቦታ የጋሽ ታምራት እጅ አልደርስ አለ። እኔ ሞከርኩ፤ ክንዴ ገብቶ ተቀረቀረና ሁለቱ ተጋግዘው ጎትተው አወጡኝ። ጋሽ ወንድሙም ሞከሩ፤ ያ ነጭ ጋቢ ግሪስ ጠጣ።

በዚህ መሃል ስልኬ ይጮሃል። ዳዊት ነው።

«ምን አሉ?»

«ከሞተሩ ጀርባ ነው አሉ።»

«ምኑ?!»

ዘጋሁበት።

እንዲህ ሁለት ሰዓት ያህል አለፈ። የላይኛው መስኮት ተከፈተና ሜሮን ብቅ አለች።

«አባዬ፣ ሌት ሚ ትራይ፣ እኔ ልሞክር።»

«ግቢ አንቺ! ሽማግሌ ፊት አይወጣም!»

«የእናንተ እጅ አይገባም እኮ! እኔ ቀኑን ሙሉ የማይታይ ደም ሥር ስፈልግ ነው የምውለው።»

መልስ ሳትጠብቅ በቤት ልብሷ ወረደች። ጋሽ ወንድሙ ወጉ እንዳይፈርስ ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዞሩ። የስልካቸውን መብራት ግን እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ያዙላት።

«ጋሼ፣ ትንሽ ወደ ግራ... አዎ እሱ ጋ... ፒንሳ ስጡኝ... ደን! አለቀ!»

ሦስት ደቂቃ አልፈጀባትም። ውሃውን ሞልተን አስነሳናት። ጠብ የሚል ነገር የለም! በደስታ መኪናዬን ልስማት ምንም አልቀረኝ።

«እንግዲህ የዛሬ ሁለት ሳምንት እንመለሳለን» አሉ ጋሽ ወንድሙ፣ አሁንም ለአጥሩ።

ጋሽ ታምራት የተላላጠ እጃቸውን አዩ። ግሪስ የነካውን የልጃቸውን እጅ አዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«በምንድን ነው የምትመጡት?»

«በዚችው ነዋ» አልኩ በኩራት።

መኪናዋን ከፊት እስከ ኋላ አዩዋት።

«ሰጥቻለሁ። ግቡና ብሉ።»

ከበሩ ጀርባ እልልታው ቀለጠ፤ እናትየው እዚያው ቆመው ሲያዳምጡ ነበር ለካ። ለዳዊት ደውዬ «ሰጡህ» ስለው «እውነትህን ነው?» አለኝ። እያለቀሰ ነው። እኔም ዓይኔ እንባ ሞላ፣ ምን እደብቃለሁ።

እንግዲህ «ይቺን ቆርቆሮ ሽጣት» ስትሉኝ የኖራችሁ ሁሉ... እሷ ባትፈላ ኖሮ ዳዊት ይሄኔ ቀጠሮ ይቆጥር ነበር።