ከመድረኩ የተነሣው ክብር

ልጅ ሳለሁ፣ ከአንድ ቅዳሜ ማታ ጀምሮ በልቤ የያዝኩትን ነገር ለእናቴም፣ ኋላም ለባሌ ነግሬ አላውቅም። አሁን ስጽፈው እንኳ ፊቴን ይሞቀኛል።

ያኔ የምንኖረው ቀራንዮ ሰፈር ነበር። መብራት ሲጠፋ፣ ያኔ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይጠፋል፣ የአባቴ አጎት ጋሽ ሄራሞ አየር ጤና ያለችውን ሱቃቸውን ቆልፈው ይመጡና ከሰል ምድጃው አጠገብ ይቀመጣሉ። እናቴ በቆሎ ትጠብሳለች፤ ሻማው ጭሱ ውስጥ ይርገበገባል፤ እሳቸው ከመጽሐፍ ቅዱስ ያወሩልናል። ሲያወሩት ትናንት ጎረቤት ቤት የሆነ ነገር ይመስላል።

የዚያን ማታ የነገሩን የነቢዩ ሕዝቅኤልን ራእይ ነበር። የእግዚአብሔር ክብር ከመቅደሱ የወጣው ባንድ ጊዜ አይደለም አሉ። መጀመሪያ ከኪሩቤል ላይ ተነሥቶ የቤቱ መድረክ ላይ ቆመ። ከዚያ ምሥራቁ በር ላይ ቆመ። ከዚያም ከተማዋን ለቅቆ ተራራው ላይ ቆመ።

«እንግዳ ሲነሣ ‹ኧረ ይቀመጡ› ይባል የለ? እዚያ ግን ቀና ብሎ ያየውም የለ» አሉና አመዱን በእንጨት ገፋ አደረጉት።

መድረክ በመጽሐፉ አማርኛ የበር ደፍ ማለት እንደሆነ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ያኔ የማውቀው መድረክ አንድ ብቻ ነበር፤ የቤተ ክርስቲያናችን መድረክ፣ ቀይ ምንጣፍ የተነጠፈበት፣ እሑድ እሑድ ከሕፃናት መዘምራን ጋር የምቆምበት። ጓደኞቼ ሲዘምሩ እንባቸው ይወርድ ነበር። እኔ ግን ዓይኔን ጨፍኜ፣ እጄን ዘርግቼ፣ የማስበው የጠበበኝን ጫማዬን ነበር። ምንም ነገር ተሰምቶኝ አያውቅም።

«ጋሼ፣ በማን ጥፋት ነው የሄደው?» አልኳቸው።

«በሚያገለግሉት ነዋ፣ የኔ ልጅ! አፋቸው እዚያ፣ ልባቸው ሌላ ቦታ።»

«የእሷማ ልብ በቆሎው ላይ ነው!» አለች ታላቅ እህቴ። ቤቱ ሁሉ ሳቀ። ጋሽ ሄራሞም እየሳቁ ትልቁን በቆሎ መርጠው ሰጡኝ። እጄ ላይ ቀዘቀዘ።

ከዚያ ወዲህ ተምሬያለሁ፤ ደፍንና መድረክን እለያለሁ። የቃሉ ትርጉም ሲታረም ግን ፍርሃቴ አብሮ አልታረመም። ዛሬም በጉባኤ መሐል ሰው ሁሉ እጁን ሲያነሣ፣ እኔ ማንም ሳያየኝ ወደ በሩ ዞር ብዬ አያለሁ። የሚወጣ ያለ ይመስለኛል።

በዚያ ቅዳሜ ማግስት፣ እሑድ ጠዋት፣ የመዘምራን ካባዬን አጣጥፌ ለአሠልጣኛችን ሰጠኋትና «ጉሮሮዬን አሞኛል» አልኳት። ሄጄ ከኋላ፣ ጋሽ ሄራሞ አጠገብ ተቀመጥኩ። ጓደኞቼ ያለ እኔ መድረኩ ላይ ወጡ። መዝሙሩ ገና ሳያልቅ ሰው መንበርከክ ጀመረ፤ ጋሼ እንኳ መሐረባቸውን አወጡ። ፓስተራችን ማይክሮፎኑን ይዘው፣ ድምፃቸው እየተንቀጠቀጠ፣ «ወገኖቼ፣ ዛሬ ክብሩ በመካከላችን ነው!» አሉ።

እኔም፣ ጉሮሮዬን አሞኛል ያልኩት ልጅ፣ ከሁሉም ጮክ ብዬ «አሜን» አልኩ።