ከፓራፋንጎው ያልወረደው አሠልጣኝ

የኮሌጃችን ሰልጣኞች የትራክተር አሠልጣኙን «ጋሽ ቀስ በል» ይሉታል። ከአፉ የማይጠፋው ቃል ይኸው ስለሆነ ነው። ሞተር ሲነሳ ቀስ በል፣ ማረሻ ሲወርድ ቀስ በል፤ ሻይ ሲጠጡ እንኳ ያው ነው። እኔ የችግኝ ጣቢያው ኃላፊ ነኝ። ከእሱ ጋር በአንድ ግቢ ብዙ ዘመን ሠርተናል፣ ብዙ ጊዜም ተጣልተናል። ዘንድሮ ግን አንጀቴን በላው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያለ እናት ያሳደጋት አንዲት ልጁ ለእርሻ መሣሪያ ስልጠና ተመዘገበች። እኔ ጋ መጥታ ችግኝ እንድታፈላ ለመናት፤ እኔም ለመንኳት። ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። «የሰውን ልጅ ሁሉ ስታስተምር ኖረህ እኔን ትከለክለኛለህ?» ብላ አፉን አስያዘችው።

የፈራው ዳገቱን ነው። የበቆሎው ማሳ ያለው ተዳፋት ላይ ነው። ሰልጣኝ ሁሉ በዓመቱ መጨረሻ ምርት የጫነ ተሳቢ እየጎተተ፣ ብቻውን ሆኖ፣ ከዚያ ካልወረደ አያልፍም። አንድ ዓመት እዚያው ቁልቁለት ላይ ትራክተር ተገልብጦ ነበር። ሰልጣኙን ከሥሩ ጎትተው ያወጡት እሱና ጥበቃው ናቸው። ሰልጣኙ ተረፈ፤ እግሩ ግን አልተረፈም። ከዚያ ወዲህ ጋሽ ቀስ በል ወደዚያ ማሳ ባየ ቁጥር ፊቱ አመድ ይመስላል።

ሥራው ወግ አለው። አሠልጣኙ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከትልቁ ጎማ በላይ ያለው ፓራፋንጎ ላይ ተቀምጦ ያሳያል። ከዚያ ይወርድና ከማሳው ዳር ሆኖ በእጁ ምልክት ይሰጣል። ዘንድሮም እንዲሁ አደረገ። ዝናቡ መሬቱን ሲያለሰልስ ለእርሻ ፓራፋንጎው ላይ አብሯቸው ወጣ፤ በዘር ጊዜ ወርዶ በእግሩ ይከተላቸው ነበር። የሴት ልጁ ተራ ሲደርስ ግን መውረድ ብሎ ነገር የለም። ስታርስ እዚያው ነው፣ ስትዘራ እዚያው ነው፣ ማዳበሪያ ስትበትንም እዚያው ነው። ጠዋት ጠዋት ፍሬኑን ደጋግሞ ይፈትሻል፣ ምሳውን እንደከፈተው ይተወዋል። ጓደኞቿ «ዛሬም ተሳፋሪ ጭነሻል?» እያሉ ይስቁባታል። እሷም አብራ ትስቃለች፤ መሪውን የጨበጠው እጇ ግን ሲነጣ አይቻለሁ።

«ውረድላት እንጂ፣ አንተ ሰውዬ!» አልኩት አንድ ቀን፣ ደሜ ፈልቶ።

«ሰኞ እወርዳለሁ።»

ሰኞ መጣ፣ ሰኞ ሄደ፤ አልወረደም። ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት ማርሽ ካልተቀነሰ ጭነቱ ትራክተሩን ይገፋዋል፤ መሀል ላይ ደንግጦ ሞተሩን ከጎማው የሚለየውን ፍሪሲዮን የረገጠ ደግሞ አለቀለት። ይህን ለሰልጣኝ ሁሉ ሲነግር ውሎ የሚያድር ሰው፣ ከልጁ ጋር ዳገቱ ጫፍ በደረሰ ቁጥር እጁን ሰድዶ ማርሹን ራሱ ይቀንስላት ነበር። እኔ ይህን ያወቅኩት ኋላ ነው።

በቆሎው ተሰብስቦ የፈተናው ቀን ደረሰ። ፈታኞቹ ከታች ቆሙ፤ እሱም ከእነሱ ጋር ቆመ። እኔም ችግኜን ትቼ መጣሁ።

ትራክተሩ ጫፉ ላይ ብቅ አለ። ትንሽ እንኳ ሳይቆም ቁልቁለቱን ጀመረው። ማርሽ አልቀነሰችም፤ እጇ ያንን ሥራ መቼ ለምዶት! ወዲያው ተሳቢው ይገፋት ጀመር። አባትየው «ቀስ...» አለ። ቀጥሎ ያደረገውን ዓይኔ አላመነም። ዕድሜ ልኩን «ከትራክተር ፊት አትቁሙ» ሲል የኖረ ሰው ሽቅብ ወደ ትራክተሩ ሮጠ።

«ዞር በል! አባዬ፣ ዞር በል!»

ጩኸቷ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ሁለቱንም ዛሬ ልንቀብር ነው ብዬ ነበር። ልጅቷ ግን ፍሪሲዮኑን አልረገጠችም። ነዳጁን ቀንሳ፣ ፍሬኑን በትንሽ በትንሹ እየያዘች፣ ቁልቁለቱ ጋብ ሲል ትራክተሩን ዳር ወዳለው አዲስ የታረሰ መሬት መራችው። ጎማዎቹ ለስላሳው አፈር ውስጥ ሰመጡ፤ ተሳቢው አንዴ ተንገጫግጮ ቆመ። አባትየውን ከዚያ ብዙም ሳይርቅ መሬት ላይ ተቀምጦ አገኘነው።

ፈታኞቹ ወድቀሻል አሏት። ደንቡ አንድ ጊዜ መድገም ስለሚፈቅድ ከሰዓት በኋላ እንድትሞክር ነገሯት። እሱ «አትደግምም!» ሊል አፉን ሲከፍት ቀደመችው።

«አባዬ፣ ማርሹን የምትቀይርልኝ አንተ ነበርክ። አሁን እዚህ አትቁም። እባክህ።»

ክንዱን ይዤ ወደ ችግኝ ጣቢያው ወሰድኩት። ጀርባውን ለዳገቱ ሰጥቶ ባዶ ሳጥን ላይ ተቀመጠና የችግኝ ላስቲኮቼን እያነሳ ይቀዳድድ ጀመር። ሌላ ቀን ቢሆን አልምረውም ነበር። እኔ በሩ ላይ ቆምኩ።

«የማየውን ልንገርህ?»

«አትንገሪኝ።»

ሞተሩ ዳገቱን ሲወጣ ሰማነው። ጫፉ ላይ ሲደርስ ድምፁ ጭልጥ ብሎ የጠፋ መሰለን። ፈራሁ፤ ምን እዋሻለሁ። ከዚያ ወፍሮ፣ ከብዶ ተመለሰ።

«ቀነሰች» አለ፣ ላስቲኩን እንደያዘ። «ማርሽ ቀነሰች። ሰማሽ?»

ሰምቻለሁ። ታች እስክትደርስ ግን ላስቲኩን ከእጁ አላስቀመጠም።

ጥቂት ቆይታ ፈተናውን አልፋ፣ አቧራ ለብሳ መጣች። «እትዬ፣ ውሃ ይስጡኝ» ስትል እሱ ቀድሞኝ ኩባያውን አነሳ። ሊያቀብላት ሲል ግማሹን ጫማዋ ላይ አፈሰሰው።

«ፈርተህ ነበር እንዴ፣ አባዬ?»

«ዓመቱን ሙሉ።»

የቀረውን ውሃ ጠጥታ አፏን በእጅጌዋ ጠረገች።

«እኔም» አለችው። «አጠገቤ ስትቀመጥ ደግሞ ይብስብኝ ነበር።»