የማግኒዝየም ምርቃት

እትዬ ወለተ ኪዳን በደብረ ማርቆስ ገበያ አሥራ ሁለት ዓመት ጤፍና ምስር ሸጠዋል። ወገባቸው ሸክም እንቢ ሲል ትምህርት ቤታችን በላቦራቶሪ ረዳትነት ለስድስት ወር ሙከራ ቀጠራቸው። የተማሩት እስከ ስምንተኛ ክፍል ቢሆንም የእጅ ጽሑፋቸው ከአብዛኞቻችን ያምራል። እኔ ልጄን እናቴ ጋ ትቼ ከሰዓት በኋላ እማር ነበር፤ ስንገባ ጠረጴዛው ተወልውሎ፣ ዕቃው ተደርድሮ ይጠብቀናል። ሙከራውን ካላለፉ ወደ ጆንያው እንደሚመለሱ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ስድስት ወሩ ሊሞላ ሳምንት ሲቀረው መምህር አንሙት የማግኒዝየም ኦክሳይድን ፎርሙላ ከመጽሐፍ ሳይሆን በእጃችን እንድናወጣ አዘዙን። ማግኒዝየሙ ተመዝኖ ክዳን ባላት የሸክላ ሲኒ ይቃጠላል፤ የሚቀረው ነጭ ዱቄት ይመዘናል። የጨመረው ክብደት ከአየር የገባ ኦክስጅን ነው። ሁለቱን ክብደቶች ለየአቶሚክ ክብደታቸው ስናካፍል ስንቱ ከስንቱ ጋር እንደተያያዘ ይታወቃል። እትዬ የማግኒዝየሙን ፍቅፋቂ አስቀድመው በአሥራ ሁለት ወረቀት ጠቅልለው፣ በየወረቀቱ ላይ «2.4 ግራም» ብለው ጽፈዋል።

አራት ቡድን ሆነን፣ የተጻፈውን አምነን ሳንመዝን፣ አንድ አንድ ጥቅል አቃጠልን። የአራታችንም ዱቄት 4.5 ግራም መጣ፤ ኦክስጅኑ 2.1 ነው ማለት ነው። ደጋግመን ብናካፍለው ሦስት ማግኒዝየም ለአራት ኦክስጅን ሆነብን። መሆን የነበረበት ግን አንድ ለአንድ ነው። ከሉማሜ የመጣው የክፍላችን ልጅ ደመላሽ አዲስ ነገር ስላገኘን በአገሩ ስም ይጠራለት ብሎ ቀለደ። መምህር አልሳቁም። ሚዛኑን ፈተሹ፤ ደህና ነው። አራት ቡድን አንድ ዓይነት ስሕተት የሚሳሳተው ሲኮራረጅ ነው አሉና ለሁላችንም ዜሮ ሊሰጡን ስክሪብቶ አነሱ።

እትዬ መወልወያውን እንደያዙ በሩ አጠገብ ቆመው ነበር።

«እነሱ ምንም አላጠፉም፣ መምህር። እኔ ነኝ። መርቄላቸዋለሁ።»

«ምን ማለትዎ ነው?»

«ሚዛኑ ልክ ካለ በኋላ ለያንዳንዱ አንድ ቁንጥር ጣል አደረግሁ። ልኩን ብቻ መስጠት እጄ እንቢ አለኝ። የሰሰትኩባቸው መሰለኝ።»

ገበያ ውስጥ ሰፍሮ ሳይመርቅ የሚሸጥ ሰው ደንበኛ እንደማይመለስበት ማናችንም አናጣውም።

መምህር ያልተነኩትን ስምንት ጥቅሎች አንድ በአንድ መዘኑ። የመጀመሪያው 2.7። ሁለተኛውም 2.7። ስምንቱም እንዲሁ። የእትዬ ቁንጥር ከአንዱ ወደ ሌላው ዝንፍ አላለም። መምህር ቁጥሩን ሰሌዳው ላይ ጻፉ፦ ማግኒዝየም 2.7 ለ24 ሲካፈል 0.1125፤ ኦክስጅን፣ ከ4.5 ላይ 2.7 ሲቀነስ፣ 1.8 ለ16 ሲካፈል 0.1125። አንድ ለአንድ።

መምህር ነገሩን ከግምገማው ቅጽ ላይ አልደበቁትም። ርእሰ መምህሯ ቅጹን አንብበው፣ ሚዛን የሚያበላሽ ሰው ላቦራቶሪ ውስጥ ምን ይሠራል ብለው እንደጠየቁ ሰማን።

«ዝም ቢሉ ኖሮ ልጆቹን በሐሰት እቀጣ ነበር» ብለው መለሱላቸው አሉ፣ መምህር አንሙት። «ሚዛን ማስተማር እችላለሁ፤ ይህንን ግን ማስተማር አልችልም።»

ውሉ ለአንድ ዓመት ተፈረመ፤ ማንኛውም ነገር ከተጠቀለለ በኋላ እንደገና ይመዘን የሚል መስመር ተጨምሮበት።

በማግስቱ ስገባ እትዬ ስምንቱን ጥቅሎች ፈተው ከየአንዳንዱ ቁንጥሯን እየመለሱ ነበር። የተመለሰውን ሰብስበው መዘኑት፤ 2.4 መጣ። ጠቀለሉት፣ እንደገና መዘኑት፣ ጻፉበትና ዘጠነኛ አድርገው ከሌሎቹ ጎን አስቀመጡት።