ግሪስ ያልደረሳቸው ግራሮች

እልኸኛ መሆኔን የሚያውቀኝ ያውቃል። የመመረቂያ ጥናቴ ጉንዳን ግራርን ከትል ይጠብቀው እንደሆነ ማየት ነበር። ከባምባሲ ወጣ ብሎ ሃያ ግራሮች መረጥኩ። ጉንዳን እንዳይወጣባቸው የአስሩን ግንድ ዙሪያውን ግሪስ ቀባሁት፤ አስሩን እንዳሉ ተውኳቸው። ከዚያ በየሳምንቱ እየሄድኩ በትል የተበላውን ቅጠል መቁጠር ነው። ጭቃው ጫማዬን ሲያስቀርብኝ እንኳ በባዶ እግሬ ደርሻለሁ።

በሦስተኛው ወር ሃያዎቹም እኩል ተበልተው አገኘኋቸው። ካልቀባኋቸውም ላይ አንዲት ጉንዳን የለችም! ምክንያቱን ሳላውቅ አልመለስም ብዬ በማግስቱ ከንጋት ጀምሮ ቁጥቋጦ ውስጥ ተደብቄ ጠበቅኩ።

ጋሽ ይመር መጡ። ድሮ በሰፈራ ከወሎ የመጡ፣ ቀፏቸውን እዚያው የሰቀሉ ንብ አርቢ ናቸው። ጆንያቸውን ፈተው ካልቀባኋቸው ግራሮች ሥር አመድ ይነሰንሱ ጀመር።

«ጋሼ! ምን እያደረጉ ነው?» ብዬ ዘልዬ ወጣሁ።

«እሰይ፣ መጣሽ! ቅባቱ አስሩ ላይ ሲያልቅብሽ አይቼ አንጀቴን በላሽው። እኛም ቀፏችንን ከጉንዳን የምንጠብቀው በአመድ ነው። ይኸው ዝናብ ባጠበው ቁጥር እየነሰነስኩ አንዲት ጉንዳን አላሳለፍኩም!»

ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

«አይዞሽ ልጄ፣ አመዱ ገና ብዙ ነው።»